ፒንክ ፍሎይድና የሦስቱ ዘመናት ክርክር

አንድ የሙዚቃ ማኅበር ዕድሜው እየረዘመ ሲሄድ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ዜማውም ከጊዜው ጋራ ሲለዋወጥ፣ አፍቃሪዎቹ በአንድ ስም ሥር የተሰበሰበውን ይህን ሁሉ ልዩ ልዩ ሥራ እየተመለከቱ «እውነተኛው የትኛው ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ይህ ጥያቄ እንግሊዛዊው የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ ላይ ሲደርስ ግን ከጥያቄነት አልፎ፣ አባት ለልጁ እስከሚያወርሰው ድረስ የጸና ክርክር ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማኅበሩ በ1965 ለንደን ላይ ሲቋቋም፣ ሮጀር ዋተርስ፣ ኒክ ሜሰንና ሪቻርድ ራይት በሬጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ የሥነ ሕንፃ ትምህርት የጀመሩ ወጣቶች ነበሩ፤ አራተኛው ሲድ ባሬት ደግሞ ከካምብሪጅ የመጣ የሥዕል ተማሪ ነበረ። ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከሚባሉት ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ተጫዋቾች ስም ወስዶ ለባንዱ ስም ያወጣለት፣ በ1967 የወጣውን የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን ዘፈን የደረሰውና የዘፈነውም ይኸው ባሬት ነው። ያ አልበም ቢትልስ ያን ጊዜ ይሠሩበት በነበረው በአቢ ሮድ ስቱዲዮ የተቀረፀ ሲሆን፣ በውስጡ የሕፃናት ተረት፣ ብስክሌት፣ ከዋክብትና ጠፈር ያለ አንዳች ኀፍረት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። ነገር ግን ባሬት ገና ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አእምሮው ታወከ፤ ይወስደው የነበረው ኤል ኤስ ዲ የተባለ ዕፅም ሕመሙን እንዳባባሰው ይነገራል። በጥር 1968 የካምብሪጅ ጓደኛው ዴቪድ ጊልሞር በጊታር እንዲያግዘው ተጨመረ፤ ጥቂት ሳምንትም አምስት ሆነው ከተጫወቱ በኋላ፣ አንድ ቀን ለትርዒት ወደ ሳውዝሃምፕተን ሲሄዱ ባሬትን ከቤቱ ሳይወስዱት ቀሩ። የመጀመሪያው ዘመን ያለ ስንብትና ያለ ቃለ ጉባኤ፣ በአንዲት መኪና ጉዞ አለቀ።

የባሬት ወገኖች፣ ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ጽናታቸው ትልቅ ነውና፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የተዋበ ቢሆንም መንፈሱ የተለየው ነው ይላሉ፤ ያ ልጅነት፣ ያ ሳይታሰብ የሚፈልቅ ሐሳብ ዳግመኛ አልተገኘም ብለውም ያዝናሉ። በንግግራቸው ውስጥ እውነት አለ፤ ሆኖም ከእርሱ በኋላ የቀሩት አራቱ ሰዎች መንገዳቸውን እስኪያገኙ አምስት ዓመት ያህል በትዕግሥት መፈለጋቸውን አሳንሰው የሚያዩ ይመስለኛል። በ1971 «ሜድል» ከሚባለው አልበም ሁለተኛውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር የያዘው፣ ሃያ ሦስት ደቂቃ የሚረዝመው «ኤኮስ» የሚጀምረው በአንዲት የፒያኖ ድምፅ ነው፤ ራይት አንዲቱን ቀጭን ድምፅ በሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ እያሳለፈ፣ ዝምታ እያስገባባት ደጋግሞ ይመታታል፤ ከዚያ በኋላ ኦርጋኑና ጊታሩ ቀስ ብለው ይከተሏታል። ከባሬት ጋራ የማይመሳሰል፣ ነገር ግን የማንም ቅጂ ያልሆነ ድምፅ መገኘቱን ለማወቅ ይህችን መግቢያ መስማት ይበቃል።

ሁለተኛው ዘመን፣ ብዙው ሕዝብ ፒንክ ፍሎይድ ሲባል የሚያስበው፣ በ1973 ከወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ጀምሮ የሚቆጠረው ነው። የዘፈኖቹን ግጥሞች ሁሉ ዋተርስ ብቻውን ጻፈ፤ ነገራቸውም ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ሞትና እብደት ነው። ሸክላው በአሜሪካ የቢልቦርድ ዝርዝር ላይ ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ ውስጥ 741 ሳምንት ቆየ፤ በዓለም ዙሪያም ከ45 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ይገመታል። የዋተርስ ወገኖች ማስረጃቸው ይህ ነው፤ ለሙዚቃው ቃልና ዓላማ የሰጠው፣ ከዜማ ጥርቅም አውጥቶ ስለ ሰው ልጅ ህላዌ የሚናገር ድርሰት ያደረገው እርሱ ነው ይላሉ። የጊልሞር ወገኖች በበኩላቸው፣ ያንን ግጥም ሕዝቡ ልብ ውስጥ ያስገባው የጊልሞር ድምፅና የሚያለቅስ ጊታሩ መሆኑን ያስረዳሉ።

ነገር ግን ዘመናቱ በግንብ የተለያዩ እንዳይደሉ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው ሰኔ 5 ቀን 1975 የሆነው ነው። ባንዱ በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ተቀምጦ፣ በአራት የጊታር ድምፆች የሚታወቀውንና ለባሬት መታሰቢያ የደረሰውን ረጅም ዜማ ድምፁን ሲያስተካክል ሳለ፣ ራሱንና ቅንድቡን የተላጨ፣ የወፈረ ሰው ገብቶ በዝምታ ቆመ። የስቱዲዮው ሠራተኛ ነው ብለው ያሰቡም ነበሩ። ሰውየው ባሬት መሆኑ የታወቃቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ ዋተርስ እንዳለቀሰም ተነግሯል። የባሬት ወገን «የኛ ዘመን አለቀ» ሲል፣ የዋተርስ ወገን «የኛ ዘመን አዲስ ነው» ሲል፣ የሁለተኛው ዘመን ታላቅ ሥራ ግን ስለ መጀመሪያው ዘመን ሰው የቀረበ ልቅሶ መሆኑን ሁለቱም ይዘነጉታል።

ቀጥሎ የመጣው ጠብ ነው። በ1979 «ዘ ዎል» ሲሠራ ዋተርስ ራይትን ከአባልነት አስወጣው፤ ራይትም በትርዒቱ ላይ በደመወዝ ተቀጥሮ ተጫወተ፤ ሌሎቹ ሦስቱ የትርዒቱን ኪሳራ ሲሸከሙ ትርፍ ያገኘው እርሱ ብቻ ሆነ። በ1983 የወጣው «ዘ ፋይናል ከት»፣ በ1944 በኢጣልያ አንዚዮ ላይ ለወደቀው ለዋተርስ አባት መታሰቢያ የተደረገው፣ ያለ ራይት ተሠራ። በ1985 ዋተርስ ራሱ ለቀቀ፤ ባንዱም ከእርሱ ጋራ እንዲያበቃ በመፈለጉ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1987 መጨረሻ በስምምነት ሲፈጸም ስሙ ለጊልሞርና ለሜሰን ጸና፣ የ«ዘ ዎል» ትርዒት መብት ለዋተርስ ተሰጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ዋተርስ መክሰሱ ስሕተት እንደነበረ ተናግሯል።

እንግዲህ ሦስተኛው ዘመን፣ የጊልሞር ዘመን፣ ሁለት አልበሞችና ታላላቅ ትርዒቶች ይዞ እስከ 1994 ቆየ። «ስም እንጂ ፒንክ ፍሎይድ አይደለም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት። የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር ዜማ ደቀ መዛሙርት የአንዱን የቅዱስ ያሬድን ድጓ እየዘመሩ በአዜማሜ እንደሚከራከሩ፣ እነዚህም በአንድ ስም እየማሉ በአካሄዱ ይለያያሉ። የክርክሩ ጉድለት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ዘመን የሚቆጠረው ፊት በቆመው ሰው ስም ብቻ መሆኑ ነው። ፊት የማይቆመውን፣ በኦርጋኑ ጀርባ የሚቀመጠውን ራይትን ማንም በዘመን ስም አልጠራውም።

ከ1973ቱ አልበም ውስጥ «አስ ኤንድ ዜም» የተባለውን ዜማ የደረሰው ራይት ነው። የባንዱ አባላት እንደሚተርኩት፣ ዜማው አስቀድሞ ለአንቶኒዮኒ «ዛብሪስኪ ፖይንት» ለተባለው ፊልም ቀርቦ፣ ዲሬክተሩ እጅግ ያሳዝናል፣ ቤተ ክርስቲያንም ያስታውሳል ብሎ መልሶት ነበር። በዚያው አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ውስጥ የሚሰማ አንድ ውሑድ ድምፅም ከማይልስ ዴቪስ የጃዝ ሸክላ የተማረው መሆኑን ራይት ራሱ ተናግሯል። ይህ ሰፊና ኀዘን ያዘለ የድምፅ ምድር ነው ባሬት የሄደበትን፣ ዋተርስ የጻፈበትን፣ ጊልሞር ጊታሩን ያሰማበትን ሙዚቃ ሁሉ አንድ ያደረገው። «ዘ ፋይናል ከት»ን የሚሰማ ሰው አንድ ነገር መጉደሉ ይታወቀዋል፤ ብዙዎች የጊልሞር ድምፅ ማነሱ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የጎደለው ራይት ነው እላለሁ። በ1994ቱ «ዘ ዲቪዥን ቤል» ላይ ራይት ከጊልሞር ጋራ ዜማ በመድረስ ሲሳተፍና አንድ ዘፈን ራሱ ሲዘፍን፣ ግጥሙ እንደ ዋተርስ ባይሰላም የድሮው አየር ተመልሶ ይሰማል። ስለዚህ ዘመኑን መክፈል ግድ ከሆነ፣ ራይት ባለበትና ራይት በሌለበት ቢከፈል ለሙዚቃው የቀረበ ይሆናል።

አራቱ ዳግመኛ አብረው የቆሙት ሐምሌ 2 ቀን 2005 በለንደን ሃይድ ፓርክ ነው። ያ ቀን፣ ላይቭ ኤይት የተባለው፣ በ1985 ለአገራችን ረኃብተኞች የተደረገው የላይቭ ኤይድ ትርዒት ሃያኛ ዓመት ሊሞላው ሲል ቦብ ጌልዶፍ ያዘጋጀው ነበረና፣ ሃያ አራት ዓመት ተለያይተው የነበሩት ሰዎች ለአንድ ምሽት የተሰበሰቡበት ምክንያት በተዘዋዋሪ መንገድ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋራ ይገናኛል። በዓመቱ ባሬት ሞተ፤ በመስከረም 2008 ራይት ተከተለው። ሜሰን በ2018 ሌላ ጓድ አቋቁሞ ከ1973 በፊት ያለውን ሙዚቃ ብቻ ይጫወት ጀመር፤ ዋተርስ በ2023 የ«ዳርክ ሳይድ»ን አልበም ያለ ጊልሞር ጊታር እንደገና ቀረፀው። ጊልሞር ግን ባንዱን መልሰህ ወደ ጉዞ አውጣው ሲሉት፣ ያለ ራይት ማድረግ ትክክል አይሆንም የሚል መልስ ሰጥቷል።