የቆርቆሮው ሳጥንና ጠባቡ ቤት

ቁም ሳጥን ለመግዛት ያሰበ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የቤቱን ወለል ይለካ። ልብስ በመስቀያ ተሰቅሎ በሩ እንዲዘጋ ቁም ሳጥኑ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል። ሦስት በሦስት በሆነች የደሴ የኪራይ ክፍል ውስጥ አንዱን ግድግዳ ሙሉውን ለእሱ የለቀቀ ተከራይ ከ9 ካሬ ሜትሩ 1.8ቱን ሰጠ ማለት ነው፤ የቤቱን አንድ አምስተኛ። የበሩ መክፈቻ ገና አልታሰበም። አልጋው፣ ረከቦቱ፣ የውሃው ጀሪካን፣ ማታ ለልጆች የሚነጠፈው ፍራሽ በቀረው ላይ ይሻሙ። ደግሞም ተከራይ ነውና ነገ ቤት ይለቅ ይሆናል። ተፈትቶ የተጓጓዘ ቁም ሳጥን ሁለተኛ ሲገጠም ብሎኑ አይጠብቅም፣ በሩም ያዘነብላል።

ስለዚህ ደሴ ላይ ሆጤም ይሁን ሰኞ ገበያ፣ ቧንቧ ውሃም ይሁን ሸዋ በር፣ አልጋው በብሎኬት ከፍ ተደርጎ መጋረጃ የተጋረደለት ቤት ካያችሁ ከመጋረጃው በስተኋላ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም። የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ድሮ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ልብሱንም፣ ደብተሩንም፣ ከቤት የተላከለትን ስንቅም በዚሁ ሳጥን ነበር የሚቆልፈው። ዛሬ ፕላስቲኩና ሸራው ገበያውን ቢያጥለቀልቀውም ሳጥኑ ከአልጋ ስር አልወጣም። ያልወጣበትም ምክንያት ድህነት ብቻ አይደለም።

አሠራሩን እንይ። ሠሪው ላሜራውን ለክቶ በመቀስ ይቆርጣል፤ ጠርዙን በመዶሻ እየመታ ያጥፋል። ስስ ላሜራ በራሱ ይታጠፋል፣ ይንጋደዳል፤ ጥንካሬ የሚሰጠው ያ የታጠፈው ጠርዝና ክዳኑ ላይ የሚወጣለት ሸንተረር ነው። ማዕዘኖቹ በምስማር ይያያዛሉ ወይም ይበየዳሉ፤ ከኋላ ማጠፊያ፣ ከፊት የጓጉንቸር ማስገቢያ፣ ከግራና ከቀኝ መያዣ ይገጠምለታል። ክዳኑ በሳጥኑ ከንፈር ላይ ወደ ታች ያልፋል። ከላይ ውሃ ቢንጠባጠብ በውጭ በኩል ወርዶ መሬት ይደርሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። በመጨረሻ ቀለም ይቀባል፣ አንዳንዱም አበባ ይሳልበታል። አበባው ትርፍ ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ እንግዳ ሲበዛ ሳጥኑ ተጎትቶ ይወጣና ምንጣፍ ተነጥፎበት መቀመጫ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ውስጡ። ጥጥ ደርቋል ስንል እንኳ ውሃ አያጣም። በመደበኛ የአየር ሁኔታ ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ፣ ሱፍ ደግሞ እስከ 16 በመቶ እርጥበት ከአየሩ ይይዛል። ፖሊስተር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጋቢና ነጠላ ጢም ብሎ የተሞላ ሳጥን ታዲያ የራሱ አየር አለው። ውጭ ጉም ሲወርድ በስንጥቁ የምትገባውን ጥቂት እርጥበት ልብሱ ራሱ ይጠጣታል፤ ፀሐይ ስትወጣም ቀስ ብሎ ይለቃታል። ቤቱ በቀን ሦስት ጊዜ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሳጥኑ ሆድ ብዙም አይለዋወጥም። በባዶው ሳጥን ግን ይህ የለም፤ አንድ ቀሚስ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሳጥን ቶሎ ይሻግታል። በሌላ በኩል እርጥብ ሆኖ የገባ ነገር እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ካውያ የተመታ አንሶላ በትኩሱ ታጥፎ ከተቆለፈበት እንፋሎቱ አብሮ ተቆለፈ። ሌሊቱን ተዘርግቶ ይደር።

ደሴ ላይ ይህ ጉዳይ ከሌላው ከተማ ይልቅ ያሳስባል። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በልግም ክረምትም ይዘንብባታል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ አስፋልት ድረስ ይወርዳል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ያለው ኮምቦልቻ በ650 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል በግምት አራት ዲግሪ ይሞቃል። ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው ጠዋት የለበሰው ጃኬት የዶሮ መዝለያን ቁልቁለት አልፎ ሲወርድ ሸክም ይሆንበታል። የሁለት አየር ልብስ በአንድ ክፍል ማኖር አለበት። የደሴ ቤት ከኮምቦልቻው ቤት ይልቅ በጨርቅ የሚጨናነቀውም በዚህ ነው፤ አራት ድርብ ጋቢ፣ ከእሱ የሚወፍር ቡልኮ፣ የሱፍ ባና፣ ሹራብ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ።

ይሁንና እኔን የሚገርመኝ የሳጥኑ ይዘት ነው። ከላይ የበዓል ልብስ አለ፤ ለኢድና ለመውሊድ ወይም ለገናና ለጥምቀት፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ለሁለቱም። ከሥሩ የእንግዳ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የአልጋ ልብስ፣ ከዳር እስከ ዳር ዳንቴል የተሠራበት። አንሶላውና ፎጣው ከሩቅ የመጣ ላይሆን ይችላል፤ በደርግ ዘመን የተተከለው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቅርብ ነው። ዝቅ ሲል ለጥሎሽ የመጣው ቀሚስ፣ በሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ ተዘርግቶ የታየው፣ ከዚያ ወዲህ ምናልባት ሁለቴ የተለበሰው። የልጆች የክርስትና ነጠላ። ከሁሉም በታች በእድሜ የገፉ እናት ቤት ከፈን አለ። ቦታውን የሚያውቁት እሳቸውና ምናልባት ታላቅ ልጃቸው ናቸው።

ታዲያ የባሕር ማዶ የቤት አያያዝ መምህራን «ዓመት ሙሉ ያልለበስከውን አስወግድ» ይላሉ። ምክሩን ደሴ ላይ የተገበረ መጀመሪያ የሚጥለው ከፈኑን፣ ቀጥሎ የእንግዳውን አንሶላ ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ልብስ የበዛው ባለቤቶቹ ልብስ ስለሚወዱ ሳይሆን ከሚያስቀምጡት እኩሌታው ለራሳቸው ስላልሆነ ነው። ለሚመጣ እንግዳ፣ ለምታገባ ልጅ፣ ለማይቀረው ቀን የተቀመጠ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ትልቅ ቁም ሳጥን ከማለም ይልቅ ልብሱን በሁለት ይከፍላል። በየቀኑ የሚለበሰው ዓይን ፊት ይሁን፤ የማይለበሰው ይቆለፍ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ቤቱ የሚጨንቀው። አንድ ካልሲ ፍለጋ ሳጥን የሚገለብጥ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ሲያጥፍ ይኖራል።

ለተቆለፈው ጠላት አይጠፋም። ለአይጥ ቆርቆሮው በቂ ነው። ብል ግን በስንጥቅ ትገባለች። የምትበረው ቢራቢሮ መሳይ አትበላም፤ የሚበላው ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው፤ ምግቡም ሱፍ፣ ፀጉርና ላባ ነው። ንጹሕ ጥጥ አይነካም። ጋቢው ተበሳ ከተባለ ብዙውን ጊዜ ወጥ የፈሰሰበት ወይም ላብ የጠጣ ነው፤ ሳይታጠብ መቆለፉ ነው ጥፋቱ። ባናና የሱፍ ካባ ግን ንጹሕም ቢሆኑ ያሰጋቸዋል። ፀሐይ ላይ አውጥቶ መምታት የሴት አያቶች ልማድ ብቻ እንዳይመስለን፤ ትሉ ብርሃን ይሸሻል፣ እንቁላሉም ይራገፋል። መስከረም ሲጠባ ሳጥኑን ገልብጦ ቀኑን ሙሉ ማናፈስ ከመድኃኒት ይበልጣል። ጥበቡ እንዳይለቅ ቀሚሱ ተገልብጦ ይሰጣ፤ ሲመለስም በድሮው እጥፋት ላይ አይታጠፍ፣ ክሩ እዚያው ላይ ይበጠሳልና።

ስለ ናፍታሊን አንድ ነገር ልበል። ነጩ እንክብል እየተነነ የሚያልቅ መርዝ ነው። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ከልብሱ በላይ ይቀመጣል እንጂ ከሥር አይደረግም፤ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ልብሱን ሳይነካ። በሕፃን ልብስ መካከል ግን ፈጽሞ አይግባ። በተፈጥሮ የደም ችግር ያለባቸው ጨቅላዎች ናፍታሊን የጠጣ ልብስ ለብሰው ቀይ የደም ሴላቸው እየፈረሰ መታመማቸው በሕክምና የታወቀ ነው። እንግዳ የሚተኛበት አንሶላም ከመነጠፉ በፊት ይናፈስ። ዕጣንና ሰንደል ለልብስ ሽታ ይሰጣሉ፤ የብል እንቁላል ያጠፋሉ ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ከሰልም ሽታ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ የክረምቱን እርጥበት አይችለውም።

ቆርቆሮው የራሱ ጥፋት አለው፤ ይዝጋል። የዝገት ጠብታ ነጭ ኩታ ላይ ካረፈ በሳሙና አይለቅም። ውስጡ በአቡጀዲ ይልበስ፤ ጋዜጣ ግን ቀለሙን ያትማል፣ እያደርም ጥጡን ቢጫ ያደርጋል። ሳጥኑ መሬት አይንካ፤ ሁለት ጣውላ ወይም አራት ጡብ ከሥሩ ይደረግ። ቀዝቃዛ ወለል ላይ ያረፈ ብረት፣ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላና እንጀራ ሲጋገር ያልበዋል። የእንጨት ሳጥን አያልበውም። በየጎፍ ደን የሚታየው ጽድ ዓይነት ባለ ሽታ እንጨት ገና የተፈለፈለ ትልን ሊያዳክም ይችላል፤ ሽታው ግን እያደር ይጠፋል፣ ዘይቱም ነጭ ጨርቅ ቢጫ ያደርጋል። ዋንዛም ሆነ ጽድ ሽፋን አይቅርባቸው።

የየቀኑ ልብስ ወደ ግድግዳ ይሂድ። በጭቃ ቤት መስቀያው ጭቃው ላይ ሳይሆን ቋሚው እንጨት ላይ ነው መመታት ያለበት፤ በጣት እያንኳኳ ድምፁ የሚደፈንበትን የፈለገ ያገኘዋል። በላዩ የተጠለፈ ጨርቅ ሲጣል ከአቧራም ከዓይንም ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ ግን አይሰቀል። ከበር በላይ ቆጥ የሚያሠራም አለ፣ በኮምፔንሳቶና በሁለት ሞራሌ። ጥሩ ነው፤ ብቻ ኮርኒስ በሌለው ቤት የቆርቆሮ ጣሪያው ንጋት ላይ ያንጠባጥባል፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለውም በከንቱ ስላልሆነ ከባድ ነገር እዚያ አይወጣ።

ከዓረብ አገር የሚመጣው ባለ አበባ ወፍራም ብርድ ልብስ በደቡብ ወሎ ስንቱ ቤት ሳጥን አጣቦ ይገኛል። ቦታው እዚያ አይደለም። ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ እርጥበት እምብዛም አይጠጣም፣ ብልም አይበላውም። በመጣበት ባለ ዚፕ ፕላስቲክ እንዳለ፣ ቁም ሳጥን ላይ ወይም ፍራሽ ሥር ይደር፤ ዚፑ በትንሹ ክፍት ይተው። በእሱ የተለቀቀው የሳጥን ቦታ ለባናው ይበቃል።

የሸራው ቁም ሳጥን ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። የሚሰበረው ቧንቧው ሳይሆን የፕላስቲክ መጋጠሚያው ነው፤ ጋቢ ሰቅለውበት ከሆነ ደግሞ ቶሎ። ለሸሚዝና ለቀሚስ ይሁን። ኮምቦልቻ ላይ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ከተመረቀ ወዲህ ለሥራ የመጡ ወጣት ሴቶች ተደምረው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እዚያ ቤት የልብስ ማስቀመጫ ማለት ቁልፍ ያለው ሻንጣ ነው፤ ከክፍሉ የራሷ የሆነው ብቸኛ ቦታ እሱ ነውና የጋራ መደርደሪያ የሚመክራት ሰው አልገባውም። ሻንጣም ይዞ ለመሄድ ይመቻል፤ ሳጥን ሁለት ሰው ይፈልጋል። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰው ይዞ የወጣው በእጁና በጀርባው የቻለውን ነው። ስለዚህ የቤት ካርታና የልደት ወረቀት ከሳጥን ሥር አይቀመጡ።

የአንድ ቤት ሳጥን የማይችለውን ደግሞ ሰፈሩ ይችላል። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሚባለው ዕድር ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሳህኑን በጋራ ያኖራል፤ ማንም ቤቱን መጋዘን አያደርግም። ፍራሽና ብርድ ልብስ ግን እስከ ዛሬ በጎረቤት መዋዋስ ላይ ነው ያለው። ለቅሶ ላይ ከሩቅ የመጣ ሰው የሚያድርበት ጥቂት ንጹሕ መኝታ ቅሬው ቢያስቀምጥ በየቤቱ ለእንግዳ ታስቦ ከተቆለፈው ብዙው ይቀንሳል። ማጠቡን ማን ይረከባል የሚለው ክርክር ያስነሣ እንደሆነ እንጂ የማይቻል አይደለም።

አናጺዎች አሁን ሆዱ ሳጥን የሆነ አልጋ ይሠራሉ፤ ፍራሹ ተነሥቶ ክዳኑ ይከፈታል። ለጠባብ ቤት ከቁም ሳጥን ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ስታሠሩት ግን አራት ነገር አስምሩበት። እግር ይኑረው፣ ወለሉን እንዲያጸዱበትና ቺፑዱ ከመሬት እርጥበት ጠጥቶ እንዳያብጥ። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ይበሳለት፤ የተኛ ሰው ላብና ትንፋሽ ፍራሹን አልፎ ይወርዳልና። ከግድግዳውም አራት ጣት ያህል ይራቅ። ክዳኑ ከባድ ከሆነ የሚደግፈው እንጨት ሳይሠራ ቤት አታስገቡት፤ የልጅ ጣት አለ።