ስለ ከዋክብት መነጽር ምርጫ፤ ስፋታቸው እኩል ከሆኑት የትኛው ለቤታችን ይስማማል?

ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ከዋክብትን መመልከት ለልጆች ትምህርት፥ ለታላላቆችም ከቀን ድካም የሚያሳርፍ ደስታ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ለቤቱ የከዋክብት መነጽር፥ ማለት ቴሌስኮፕ፥ ሊገዛ ያሰበ ሰው ስፋታቸው አንድ ሆኖ ዋጋቸው እጅግ የተራራቀ መነጽሮች ሲቀርቡለት ግራ ይጋባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ የቸኮለ ገዢ በሣጥኑ ላይ «500 ጊዜ ያጎላል» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ ይገዛል። በመጀመሪያው ሌሊት ጨረቃ በመነጽሩ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች፥ ዙሪያዋም በሐምራዊ ጭጋግ ተከቦ ይታያል። በጉጉት ሲጠብቅ የነበረው ልጅም ሰማይ ማለት ይህ ብቻ መስሎት ፊቱን ይመልሳል። እንዲህ ሲሆን የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የልጁ የዕውቀት ፍላጎት ጭምር ስለ ሆነ፥ ስለዚህ ምርጫ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

የምንናገርለት መነጽር ከፊቱ ብርሃን የሚሰበስብ ሌንስ ያለው ዓይነት ነው። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ዓ.ም. ጁፒተርን የሚዞሩትን አራት ጨረቃዎች ያገኘው በዚሁ ዓይነት መነጽር ነው። ይሁን እንጂ የሌንስ መነጽር ከጥንት ጀምሮ አንድ ጉድለት ነበረበት። ሌንስ ብርሃንን ሲያጥፍ ሰማያዊውን አብዝቶ፥ ቀዩን አሳንሶ ስለሚያጥፍ፥ ቀለሞቹ ባንድ ቦታ አይገናኙም፤ በሚያበሩ ነገሮች ዙሪያም የቀለም ጥላ ይታያል። ይህን ለማሳነስ የቀድሞ ሊቃውንት መነጽሩን እጅግ ያስረዝሙት ነበር፤ የዳንዚጉ ሄቬሊዩስ 45 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መነጽር እስከ መሥራት ደርሷል። ኒውተን ደግሞ ጉድለቱ የማይድን ስለ መሰለው ሌንሱን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1668 ዓ.ም. በመስተዋት የሚያሳይ መነጽር ሠራ። በኋላ ግን ጆን ዶላንድ የተባለ የለንደን ብልሃተኛ፥ ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ብርጭቆዎችን አጋጥሞ የቀለሙን ጥላ ለሚቀንሰው ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1758 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ተቀበለ። ዛሬ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡት የሌንስ መነጽሮች የዚሁ ብልሃት ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር የሚከተለው ነው። 102 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ 100 ሚሊ ሜትር ካለው ይልቅ የሚሰበስበው ብርሃን ብልጫ 4 በመቶ ብቻ ስለ ሆነ፥ ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። ስፋቱ 120 ሲሆን ግን ብልጫው 44 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ለሁለት ሚሊ ሜትር ብሎ ገንዘብ መጨመር ከንቱ ነው። በ100 ሚሊ ሜትር መነጽር በጠራ ሌሊት ሊገኝ የሚችለው የማጉላት መጠንም 200 ጊዜ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጎላ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም። በስፋት እኩል የሆኑትን የሚለያቸው የብርጭቆው ጠባይ፥ የመነጽሩ ርዝመትና የሚቆምበት እግር ነው።

ሦስት ዓይነቶችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው 102 ሚሊ ሜትር ስፋትና 500 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው አጭሩ ነው። ቀላል ስለ ሆነ ባንድ እጅ ይያዛል፤ በሰፊ የዓይን ሌንስም በጨረቃ ስፋት ቢለካ ስድስት ጨረቃ የሚያህል የሰማይ ክፍል ባንድ ጊዜ ያሳያል። ስለዚህ ወደ ገጠር ይዘውት ቢሄዱ ሰባቱን ከዋክብትና የሰማዩን የወተት መንገድ ለማየት ደግ ነው። ነገር ግን በጨረቃ ጠርዝና በጁፒተር ዙሪያ ሐምራዊውን ጥላ አብዝቶ ያሳያል። ሁለተኛው ስፋቱ ያው 102 ሆኖ የትኩረት ርዝመቱ 1000 ሚሊ ሜትር ነው። የሚያሳየው የሰማይ ክፍል ግማሽ ቢሆንም የቀለሙ ጥላ ስለሚቀንስ፥ የጨረቃን ተራሮችና የሳተርንን ቀለበት ለማየት ከአጭሩ እጅግ ይሻላል፤ ዋጋውም የሚቻል ነው። ሦስተኛው ኢ.ዲ. ከሚባለው ብርጭቆ ወይም ፍሎራይት ከሚባለው ማዕድን የተሠራ ሌንስ ያለበት ነው። ይህ ሳይረዝም የቀለሙን ጥላ ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ችግሩ የሚብሰው ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ሁለቱ ሲቀርቡ ነው። ለምሳሌ ስካይ ዎቸር የተባለው ድርጅት የሠራው ባለ ኢ.ዲ. መነጽር 100 ሚሊ ሜትር ስፋትና 900 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት አለው። የጃፓኑ ታካሃሺ የሠራው ባለ ፍሎራይት መነጽር ደግሞ ስፋቱ ያው 100 ሆኖ የትኩረት ርዝመቱ 740 ነው፤ ዋጋው ግን እጅግ ይበልጣል። በ10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ የመጀመሪያው 90 ጊዜ፥ ሁለተኛው 74 ጊዜ ያጎላል። ሆኖም በሁለተኛው ላይ 8 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ቢደረግ 92 ጊዜ ያህል ስለሚያጎላ በዚህ በኩል ብልጫ የለም። ሁለቱም በደኅና ተሠርተው ከደረሱ፥ በዓይን ለሚመለከት ሰው የምስላቸው ልዩነት ከዋጋቸው ልዩነት በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የማይቸግረውና ቀላሉን፥ አጭሩንና በጥንቃቄ የተሠራውን የሚወድ ሰው ሁለተኛውን ቢገዛ አይጸጸትም፤ ገንዘቡን የሚቆጥብ አባት ግን የመጀመሪያውን ገዝቶ፥ የተረፈውን ለጠንካራ እግርና ለመልካም የዓይን ሌንሶች ቢያውለው ከቤተሰቡ ጋር የበለጠ ያያል።

ስለ እግሩ አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። 150 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ውስጥ ትንሽ ንቅናቄም 150 ጊዜ ይጎላልና፥ እግሩ ደካማ ከሆነ የከበረው ሌንስ ጥቅም አይሰጥም። መነጽሩ በረዘመ ቍጥርም ነፋስና የእጅ ንክኪ አብዝተው ያነቃንቁታል።

ባገራችን ሰማይ ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለ ሆነች፥ ፕላኔቶች ብዙ ጊዜ ከራሳችን በላይ ከፍ ብለው ያልፋሉ። ይህ ለጥራት መልካም ነው፤ ነገር ግን ረጅሙ መነጽር ወደ ላይ ሲቃና የሚታይበት ጫፍ ወደ መሬት ይወርዳልና፥ ተመልካቹ መንበርከክ ግድ ይሆንበታል። አጭሩ ግን ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በወንበር አስቀምጦ ያሳያል። እንዲሁም የሰማዩን ዙረት የሚከተለው መቆሚያ በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ መስተካከል አለበት፤ ይህ ኮከብ ግን በአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል በእንጦጦ ተራራ ወይም በሕንፃ ይጋረዳል። ከእነዚህ መቆሚያዎች አንዳንዶቹም ለሰሜን አገሮች ታስበው ስለ ተሠሩ እስከዚህ ዝቅ አይሉም። ስለዚህ ለቤተሰብ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞረው ቀላል መቆሚያ ይሻላል።

ከመግዛት በፊት መነጽሩን መፈተን ይገባል። በቀን፥ ፀሐይ በሌለችበት በኩል፥ በሩቅ ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል በብሩህ ሰማይ ፊት ለፊት ይታይ፤ ጠርዙ ሐምራዊና አረንጓዴ ከሆነ የብርጭቆው ጠባይ ታወቀ። በሌሊት ደግሞ አንድ ብሩህ ኮከብ ይታይና ማስተካከያው ጥቂት ወደ ውስጥ፥ ቀጥሎም ጥቂት ወደ ውጭ ይዙር፤ በሁለቱም በኩል የሚታዩት ክቦች የተስተካከሉና የሚመሳሰሉ ከሆኑ ሌንሱ በደኅና ተሠርቷል።

ከሁሉ በላይ ግን ወላጆች ይህን ያስቡ። በመነጽር ፀሐይን ማየት ባንድ ቅጽበት ዓይንን ያጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ እንደ ታየው ያለ የፀሐይ ግርዶሽ ሲመጣ፥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ማጣሪያ ከፊተኛው ሌንስ በፊት ሳይታሰር ማንም አይመልከት። በዓይን ሌንስ ላይ የሚገጠመው ትንሽ ጥቁር ብርጭቆ በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል አይታመን። ሌንሱም በነጠላ ጫፍ አይጠረግ፤ በክረምት ርጥበት እንዳይሻግት በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ነገሩን ባጭሩ ለመደምደም፥ ከእኩዮቹ መካከል የሚመረጠው መነጽር ስሙ የገነነው ወይም በሁለት ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ሳይሆን፥ ከእራት በኋላ ያለ ድካም ወደ ደጅ የሚወጣው ነው። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ በየሳምንቱ የሚወጣ መካከለኛ መነጽር፥ ዓመቱን ሙሉ በሣጥኑ ከሚቀመጥ ውድ መነጽር ይልቅ ልጆችን ያስተምራልና፥ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ምርጫችሁን በዚህ ሚዛን እንድትመዝኑ እንመክራለን።