ጥሩምባው ለዘፈን አልተሠራም

ባቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዝዋይ ስትባል የኖረችው ከተማ ናት። መንገደኛ የደምበልን ዓሣ በልቶ፣ ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባለውን ራሰ በራ ወፍ ፎቶ አንሥቶ ወደ ሻሸመኔ ይቀጥላል። እኔ ባቱ ስደርስ የምጠብቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዕረፍት ሰዓት ነው። የተንጠለጠለው ቸርኬ በብረት ይመታል፤ ግቢው ይንጫጫል፤ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ጥሩምባ መሳይ ስፒከር ትንሽ ይንኮሻኮሽና «አካም ቡልታኒ! እንደምን አደራችሁ!» ይላል። ሚኒ ሚዲያ ተጀመረ።

የተማሪዎች ክበብ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ ሁላችንም ወይ አባል ነበርን ወይ ከስብሰባው ሸሽተናል። በመዝገብ ላይ «ተጓዳኝ ትምህርት» ይባላል። ተጠሪ መምህር፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ማንም ደግሞ የማያነበው ቃለ ጉባኤ አለው። የሒሳቡ፣ የቋንቋው፣ የሥነ ዜጋው አሉ። የቀይ መስቀሉ አለ፤ እናት ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ልጅ የአባላቱን ዋጋ ያውቃል። ለሳይንስ ክበብ ደግሞ እንደ ባቱ የታደለ ከተማ የለም፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ ያለበት አሉቶ ከሐይቁ በስተደቡብ እዚያው አጠገብ ነው።

የአካባቢ ጥበቃ ክበቡን ዝም ብዬ አላልፈውም። ችግኝ ተክሎ ፎቶ መነሣት የትም አለ፤ የባቱ ልጆች ግን የሚጠብቁት ሐይቅ በዓይናቸው የሚያዩት ነው። ደምበል ሲያዩት ባሕር ያህላል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን 9 ሜትር ገደማ ነው። መቂና ቀጠር ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ከእሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። ዓሣ አጥማጁም፣ የአበባ እርሻውም፣ የጓሮ አትክልት አልሚውም ከዚሁ ውኃ ይቀዳሉ። እዚህ ከመጠን በላይ ከተቀዳ አብያታ እንደሚጎድል የገባው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ላስቲክ ለቅሞ ከሚመለሰው ይልቅ ክበቡን ያስከብራል።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል፤ የወረቀት ክበብ። ጥቅምት ላይ ክፍል በክፍል ስም ይመዘገባል፣ ዝርዝሩ በር ላይ ይለጠፋል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ «ይህን ያህል ክበባት አሉን» ይባላል። ልጁ የምን ክበብ አባል እንደሆነ ሲጠየቅ ጓደኛውን ያያል። መምህራን ሆይ፣ የማይሰበሰብ ክበብ ከምትቆጥሩ ሁለት ክበብ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሚኒ ሚዲያ ይሁን።

ስለ ሚኒ ሚዲያ የተሳሳተው አስተሳሰብ ደግሞ የዘፈን ማጫወቻ ነው የሚለው ነው። ርዕሰ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ጎረቤቱም እንደዚያ ያስባሉ። በዓመቱ መጨረሻ ገንዘብ ሲገኝ የሚገዛውም ትልቅ ሞንታርቦ ነው። እስኪ ምሰሶው ላይ ያለውን ጥሩምባ ጠጋ ብለን እንየው። ጉሮሮው ቀጭን፣ አፉ ሰፊ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ከውስጡ አይወጣም። ያለ ምክንያት አይደለም። የድሮው የቤት ስልክ ያሳልፍ የነበረው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነበር፤ ሰው ሰውን ለመረዳት ያ ይበቃዋል። ጥሩምባውም የስልኩ ዘመድ ነው። ዘፈን ሲለቁበት ከበሮው ይቀራል፣ ቤዝ ጊታሩ ይቀራል፣ ድምፃዊው በአፍንጫው ይዘፍናል። የሰው ንግግር ሲያወጣ ግን አጥሩን ተሻግሮ ባጃጅ ተራው ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዕቃው ራሱ ለምን እንደተሠራ እየነገረን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። የባቱ ግቢዎች ሜዳማና ሰፋፊ ናቸው፤ አንዱ ጥሩምባ ወደ መማሪያ ክፍሎቹ፣ ሌላው ወደ ሜዳው ዞሮ ይሰቀላል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለቱ ስፒከሮች በ100 ሜትር ቢራራቁ፣ አንዱ ሥር የቆመ ልጅ የሌላውን ድምፅ የሚሰማው ወደ ሲሶ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በዚያች ቅጽበት ፈጣን አንባቢ አንድ አጭር ቃል ይጨርሳል፤ የኋለኛው ቃል የፊተኛው ላይ ይወጣበታል፤ አድማጩም ምንም አይሰማም። «ቀስ ብለሽ አንብቢ» የሚባለው ለማማር ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ይህን ያስተማረችኝ የፊዚክስ መጽሐፍ አይደለችም፤ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባቱ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት መጋዘን ጥግ ወዳለች የሚኒ ሚዲያ ክፍል አስገቡኝ። ግድግዳው በእንቁላል ትሪ ተሸፍኗል (የእንቁላል ትሪ የውጭ ጫጫታ አያስቀርም፤ አንድ ቀን ስለ እሱም እጽፋለሁ)። ልጅቷ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዛ በቀይ እስክሪብቶ በየቃላቱ መሐል ጭረት ታሰምራለች።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ያኛው ስፒከር እስኪደርስብኝ ዝም የምልበት ነው።»

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም። ሜዳ ላይ ቆሜ ጓደኛዬ ስታነብ ሰማኋት፤ አንድም ቃል አልገባኝም።»

የሚያስፈልገውን ጆሮ ይዛ መጥታለች። የሚቀረው ማይክ አያያዝ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ማይክ አይነፋም፣ በጣት አይመታም፤ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይበቃዋል። ሲጮኽ ደግሞ አይታፈንም። የሚጮኸው ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ስለሚሰማ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ያንኑ ያጎላል፣ ስፒከሩ ይደግማል፣ ዙሩ ፉጨት እስኪሆን ይቀጥላል። ልጆቹ ይደነግጡና የማይኩን ራስ በመዳፍ ጭብጥ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ይብሳል! ብዙዎቹ የእጅ ማይኮች የፊቱን ሰምተው የኋላውን እንዲተዉ የተሠሩ ናቸው፤ ለዚህም ከኋላ በኩል ክፍተት አላቸው። መዳፍ ያን ሲዘጋው ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። መፍትሔው እጅን ዝቅ አድርጎ እጀታውን መያዝ፣ ከስፒከሩ ፊት ገለል ማለትና የድምፅ ቁልፉን ትንሽ መቀነስ ነው።

የክበቡ ልብ ግን እዚያች ጭረት የበዛባት ወረቀት ላይ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ በማትሞላ ዕረፍት ውስጥ የአፋን ኦሮሞው፣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ዝግጅት ይከፋፈላል፤ የጠፋ ካልኩሌተር ይታወጃል፤ ጥያቄና መልስ አለ፤ ግጥም አለ። ሦስት ደቂቃ የተሰጠው ልጅ ሦስት ደቂቃ ምን ያህል ገጽ እንደሆነ ይማራል። እንዲህ ያለውን ቁጥብነት በድርሰት ክፍለ ጊዜ ማንም አላስተማረኝም።

ጽሑፉን ተጠሪው መምህር አስቀድሞ ያየዋል። ይህን ሳንሱር የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ በከፊል እውነታቸውን ነው፤ ቀልድ ሁሉ የሚያስፈራው መምህር አለና። እኔ ግን ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት፣ ማንም ያላየውን የልደት መልካም ምኞት አነበብኩ። ውስጡ የአንድ መምህር ቅጽል ስም ነበረ። ተማሪው ሳቀ፣ መምህሩ አልሳቀም፤ የሚኒ ሚዲያዋ ክፍል እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ተቆለፈች። ዛሬ ብጠየቅ፣ ጽሑፉን መምህሩ ይየው፤ የሰረዘውን ግን ለምን እንደሰረዘ ለጻፈው ልጅ ይንገረው።

በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ የነበርን እናስታውሳለን። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ እጅ ብታወጣ አያይህም፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አይጠብቅህም። በዚያው ግቢ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ባረጀ አምፕሊፋየር ተማሪ ለተማሪ ይናገር ነበር፤ ያልገባው ደግሞ ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ «ድገሚው!» ይል ነበር። ለፕላዝማው የወጣው ወጪና ለሚኒ ሚዲያው የወጣው አይወዳደርም። የትኛው ተማሪውን እንዲናገር እንዳደረገው ግን ለእኔ ጥያቄ አይደለም።

ተማሪ የጻፈው ነገር ተራ ነው የሚል ካለ፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈውን ተውኔት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቁጭ ብለው ማየታቸውን ላስታውሰው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ግን የሚኒ ሚዲያ ክፍሎች ይጠረጋሉ፤ ማይኩና ኬብሉ ተቆጥሮ መጋዘን ይገባል፤ የዓመቱ ስክሪፕት ሁሉ ከአሮጌ ፈተና ወረቀት ጋር ይቃጠላል። የባቱም ሆነ የሌላ ከተማ ርዕሳነ መምህራን፣ ዘንድሮ ሞንታርቦ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቦክስ ፋይል ግዙ። ጀርባው ላይ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉና ወረቀቶቹን አስቀምጧቸው፤ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረባቸውን ጭምር።