በ80 ላይ የሚነሳ ንዝረት

ከበየዳ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የቧሂትን በር የተሻገረ፣ በጨነቅና በሳንቃበር አልፎ ደባርቅ የገባ አሮጌ መኪና ሕመሙን አይናገርም። ጠጠሩ ሁሉን ያንቀጠቅጣል፤ ፍጥነትም የለም። አስፋልት ይዞ ወደ ዳባት ሲወርድ ግን 80 ላይ መሪው ይነዝራል።

ሹፌሩ ወዲያው «አላይመንቱ ተዛብቷል» ይላል። ይህች አባባል ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ከፍሎባታል። አላይመንት ሲዛባ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ጎማውም በአንድ ጎኑ ያልቃል። የተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚነሳ ንዝረት ግን አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ ጉዳይ ነው፤ በእኛ መንገድ ደግሞ ባላንስ የሚያጠፋው ጭቃ ነው።

የክረምት ጭቃ የቸርኬው ጀርባ ላይ ይለጠፍና ይደርቃል። መኪና ሲታጠብ ፊት ለፊቱ ያበራል፣ ጀርባውን የሚነካ የለም። 100 ግራም ጭቃ ከጎማው መሐል 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተለጥፏል እንበል። የላንድክሩዘር ጎማ በአንድ ዙር 2.5 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል። ያን ጊዜ ያች 100 ግራም ጎማውን 8 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ትጎትታለች፤ በሰከንድ 10 ጊዜ ወደ ላይ፣ 10 ጊዜ ወደ ታች። በ45 ሲነዳ ጉልበቷ 2 ኪሎ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጠጠሩ ላይ ዝም ያለችው ለዚህ ነው።

ደባርቅ ውስጥ አንድ ሹፌር የመሪውን ክንድ ሊያስፈታ ሲል ሽማግሌው ጎሚስታ «ልጄ፣ መጀመሪያ ጎማውን አውልቅና ጀርባውን አሳየኝ» ሲሉት ሰምቻለሁ። በካቻቢቴ ፍቀው ያወረዱት ጭቃ እንደ ሸክላ ጠጥሮ ነበር። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሲገኝ ደስ ይለኛል። ተፍቆም ካልጠፋ እርሳስ አስለጥፎ ባላንስ ማሠራት ነው።

መሪው ሳይሆን ወለሉና መቀመጫው ከነዘረ ወደ ኋላ ይታይ። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ያህል ስለሚዞር ንዝረቱ ደቃቅና ፈጣን ነው፣ ጉምጉምታ ይመስላል። እንዲህ ከሆነ የዘንጉ መጋጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ግራሶ ካላየ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። መኪናውን አቁመው፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፈው፣ ዘንጉን በእጅ ጠምዘዝ ቢያደርጉት ልል መሆኑ ይታወቃል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣው የዲስክ ወይም የታምቡር ነው።

ሞተሩን ለመለየት ንዝረቱ ባለበት ፍጥነት ፍሪሲዮን መርገጥ ነው፤ ካልጠፋ ሞተሩ ንጹሕ ነው። ይህ ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ነጻ ሲሆን ለጥቂት ሰከንድ የሚደረግ ሙከራ ነው። ሊማሊሞን ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው የሚወርዱ ሹፌሮች ግን ፍሬኑን ብቻውን ያንን ሁሉ ቁልቁለት እያሸከሙት ነው፤ እባካችሁ ተዉ።

የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ ማዛወርም ጥሩ መፈተኛ ነው። ንዝረቱ ከመሪው ወደ መቀመጫው ከሄደ ጥፋቱ የጎማው ነው። አስፋልቱን የሚረግጠውን ፊቱን በመዳፍ ዙሪያውን ዳብሱት፤ እብጠት ከተገኘ ውስጡ ተላቅቋልና እርሳስ አያድነውም፣ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን እያወቁ ጎማውን እዚያው ኋላ ትተው፣ መሪው ስለተረጋጋ ብቻ ሰው ጭነው ወደ ጎንደር የሚነዱ አሉ። ያ ጎማ በዚያው ቀን ወልቆ መጣል አለበት።