ምኩራብና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጣሪያ ሥር

ብናይ ጀሹሩን በኒውዮርክ ከተማ፣ በምዕራብ ማንሃታን 88ኛው መንገድ ላይ የሚገኝ የአይሁድ ምኩራብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 የተመሠረተው ይህ አንጋፋ ጉባኤ በ1980ዎቹ አጋማሽ አባላቱ ተመናምነው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። ነፍስ የዘሩበት ረቢ ማርሻል ሜየር ናቸው። ሜየር አርጀንቲና ውስጥ ሩብ ምዕተ ዓመት ያገለገሉ፣ በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን እንደ ጋዜጠኛው ሃኮቦ ቲመርማን ያሉ እስረኞችን ወህኒ ቤት ድረስ እየሄዱ የጠየቁ ሰው ነበሩ። በ1985 ምኩራቡን ሲረከቡ፣ ጸሎቱ የደጁን ችግረኛ እንዳላየ እንዲያልፍ አልፈቀዱም።

ምኩራቡ ከጎረቤቱ ከቅዱስ ጳውሎስና ቅዱስ እንድርያስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ ለቤት አልባዎች መጠለያ ከፈተ። መጠለያው ትንሽ ነበር። ማታ አልጋ ይዘረጋ፣ እራት ይቀርብ ነበር፤ ከበጎ ፈቃደኞቹም አብሮ የሚያድር ነበር። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በሚታጨቅበት የከተማው መጠለያ አዳራሽ ላደረ ሰው፣ በር ከፍቶ «እንደምን አመሹ» የሚል ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

በ1991 ደግሞ ተራው የምኩራቡ ሆነ። የጸሎት አዳራሹ ጣሪያ ተደረመሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑም የምኩራቡን ምእመናን አስጠለለ። ዓርብ ማታ አይሁዳውያኑ፣ እሑድ ሜቶዲስቶቹ ይጸልዩበት ጀመር። ጣሪያው ከተጠገነ በኋላም ሕዝቡ በዝቶ ስለነበር መጋራቱ ቀጠለ።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በ1979 ለችግረኞች ምግብ የሚሰጥ ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። በ1993 ድርጅቱ ምግብ ማደሉን ትቶ እንደ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ አቆመ። ሰው ጋሪውን እየገፋ፣ በቤተሰቡ ቁጥር በተመደበለት ልክ ራሱ ይመርጥ ጀመር። የስኳር ሕመምተኛው ጣፋጭ ጭማቂ ተሸክሞ አይሄድም ነበር፤ አሳማ የማይበላውም የአሳማ ሥጋ ቆርቆሮውን ቤቱ ወስዶ አይጥልም ነበር። በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ድሃም ምርጫ አለው።

የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ ሊቅ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ከፍሎታል። ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሰውን በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ አቁሞ እጁን ከመዘርጋት ማዳንን ነው። በዚህ መለኪያ የአንድ ሌሊት አልጋ ከላይኛው ደረጃ አይደርስም። የማንሃታንን የቤት ኪራይ ምኩራብም ቤተ ክርስቲያንም አያወርዱትም፤ ይህ የከተማውና የመንግሥት ዕዳ ነው።