በቤት የተነበበ መጽሐፍና የተማሪው አስተውሎት

ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የቤት ንባብ የተለመደው መከታተያ የመጽሐፉን ርእስ፣ የተነበቡትን ገጾች ብዛትና የወላጅ ፊርማን የሚይዝ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ መጽሐፉ መነበቡን ይመሰክራል፤ ተማሪው ባነበበው ላይ ምን እንዳሰበ ግን አያሳይም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሉዊስ ሮዝንብላት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሥራ ሁለት የንባብ ዝንባሌዎችን ለይተዋል። አንደኛው ከጽሑፉ መረጃ ይዞ መውጣትን፣ ሁለተኛው በንባቡ ጊዜ በአንባቢው ውስጥ የሚፈጠረውን ስሜትና ሐሳብ ያስቀድማል። «የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን ብቻ ይፈትሻል። «አንተ በእርሱ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ለምን?» የሚለው ግን ልጁ ታሪኩን ከራሱ ሕይወት ጋር እንዲያገናዝብ ይጋብዛል።

ልዩነቱ ወላጆች ፊደል ባልቆጠሩባቸው ቤቶች ጎልቶ ይታያል። ፊርማ የሚጠይቀው ሰንጠረዥ እነዚህን ወላጆች ያገላል፤ ትረካ ግን ያሳትፋቸዋል። እናት ታሪኩን ስለማታውቀው የምትጠይቀው ለመፈተን ሳይሆን ለማወቅ ነው፤ ልጁም ሊያስረዳት ሲል ድርጊቶቹን በቅደም ተከተል ያደራጃል፣ ምክንያታቸውንም ይገልጻል። ተረት እየተደመጠ በሚታደግበት ማኅበረሰብ የአድማጭነት ሚና እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ የመምህሩ ድርሻ በየሳምንቱ አንድ ክፍት ጥያቄ መስጠት፣ ከዚያም ልጁ ለቤተሰቡ የተረከውንና የተጠየቀውን በክፍል እንዲናገር ጥቂት ደቂቃ መመደብ ነው። ጽሑፉ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ተወስኖ ከንግግሩ በኋላ ይከተላል። ገና ፊደል በመልመድ ላይ ያለ ተማሪ በቅድሚያ እንዲጽፍ ከተገደደ፣ የሚያስበውን ሳይሆን መጻፍ የሚችለውን ብቻ ያሰፍራል።