የጦር በጀትና የሠራተኛው ደመወዝ በድሬዳዋ

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምትሠራ የልብስ ስፌት ሠራተኛ የመከላከያን በጀት ማወቅ ምን ይጠቅማታል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ከቍጥሩ እንነሣ።

ለ2014 ዓ.ም. በመጀመሪያ ለመከላከያ የተመደበው 22 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር። ለ2015 ዓ.ም. ግን ከጠቅላላው 786.6 ቢሊዮን ብር ውስጥ 84 ቢሊዮን ሆነ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሥቶ ነበርና። እንዲህ ያለ ወጪ በግብር ብቻ አይሸፈንም። መንግሥት ጉድለቱን በከፊል ከብሔራዊ ባንክ እየተበደረ ሲሞላ፣ በገበያው ዕቃ ሳይጨምር ገንዘብ ይበዛል፤ ዋጋም ይወጣል። (የዋጋው መወደድ ሁሉ የጦሩ ነው ማለት አይደለም፤ ድርቁም የዓለም ገበያም አለበት።) ቤት ወይም ሸቀጥ ያለው ሰው ሀብቱ ከዋጋው ጋር አብሮ ይወጣል፤ ደመወዝተኛው ግን ወደ ኋላ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው የደመወዝ ግብር ነው። በአዋጅ 979/2008 መሠረት ከግብር ነጻ የሆነው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ነበር። እንበል፣ አንዲት ሠራተኛ በወር 1,500 ብር ታገኝ ነበር፤ ግብሯ 90 ብር፣ ይኸውም ከመቶ 6 ነው፤ 1,410 ብር ይተርፋታል። ዋጋ ሁሉ እጥፍ ቢሆንና አሠሪዋ ቸር ሆኖ 3,000 ብር ቢያደርስላት፣ ግብሯ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የሚቀራት 2,692 ብር ከ50 ሳንቲም የሚገዛላት ቀድሞ 1,346 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ደመወዟ በእጥፍ አድጎ ኑሮዋ ወረደ ማለት ነው። ከፍ ያለ ደመወዝ የሚያገኘው ግን አስቀድሞ በመጨረሻው እርከን፣ በ35 በመቶ ላይ ስለሚገኝ ከዚያ በላይ የሚወጣበት እርከን የለም።

በሌላ ወገን፣ ወታደር የሆነ የድኻ ልጅ ደመወዙን ለቤተሰቡ ይልካል፤ ስለዚህ የጦር ወጪ ሁሉ የገቢን ልዩነት ያሰፋል ማለት ስሕተት ነው። ለባዕድ መሣሪያ የሚከፈለው የውጭ ምንዛሪ ግን ለፋብሪካ መለዋወጫ ሊውል ይችል ነበር።

ጦርነት በበጀት በኩል ሳያልፍም ፋብሪካ ይደርሳል። አሜሪካ በጦርነቱ በተፈጸመው የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት፣ አጎአ የተባለውን ከቀረጥ ነጻ የመሸጥ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ አነሣች። በዚያው ዓመት በነሐሴ የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና ተመረቀ። ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ ቀጠናው ሲገባ፣ የ600 ብሩ ወሰን ገና እንደ ነበረ ነበር፤ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነው።